ለእሳቸው ነው የተነሳሁት

የታሰርኩበት ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተበየደ የብረት አግዳሚና ክዳን የሌለው የመጸዳጃ መቀመጫ ብቻ ነበር። በረኪና በረኪና ይሸታል። ሻሼንና የጫማዬን ማሰሪያ ወስደውብኛል። በዚህ ዕድሜዬ ጸጉሬን ገልጬ ባዕድ ፊት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠዋት እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በስቴቱ ምክር ቤት ተወካያችን ቢሮ ወለል ላይ ተቀምጠን ነበር። ፖሊስ በተሰበረ መብራት ሰበብ መኪና እንዳያስቆም የሚከለክለው ረቂቅ ሕግ ድምፅ ይሰጥበት ብለን ነው። ተነሱ ሲሉን አልተነሳንም።

እኔን እዚያ ያደረሰኝ የልጄ ነገር ነው። ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ስንመለስ የኋላ መብራትህ ጠፍቷል ብለው አስቆሙት። አስፋልት ላይ በሆዱ ሲያስተኙት እኔ መኪናው ውስጥ ቦርሳዬን ታቅፌ ዝም አልኩ።

ጠባቂው የአገሬ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ።

«እማማ፣ እርስዎን ከእነዚህ ጋር ምን አገናኘዎት?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሕጉ።»

«የጥቁር አሜሪካኖቹ ጉዳይ ነው እኮ። ሲቲዝን ነዎት?»

«አመልክቻለሁ። ኢንተርቪው እየጠበቅሁ ነው።»

«ታዲያስ! ክስ መሥርተው ቻርጅ ካደረጉዎት ዜግነቱ ይበላሽብዎታል። ለሌላ ጉዳይ መጥቼ ሳላውቅ ተቀላቀልኩ ይበሉ። ሱፐርቫይዘሩን እኔ አናግርልዎታለሁ። እስቲ ያስቡበት።»

አሰብኩበት። «ሳላውቅ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። የሚሰማኝም የለም።

ተመልሶ በሩን ሲከፍት አንዲት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት ይዞ መጣ። ጠዋት ወለሉ ላይ ከፊቴ ተቀምጠው የነበሩት ናቸው። ከዘራቸውን ወስደውባቸው ግድግዳ እየያዙ ይራመዳሉ። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ ይቀመጡ» አለ ጠባቂው በእሳቸው ፈንታ። አፉ ቀድሞት ነው። ወዲያው ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ።

ሴትዮዋ ግን ተቆጡኝ። «ለዚህ ሰው አትነሺለት! ጠዋት ተነሺ ሲሉሽ እምቢ ብለሽ አሁን ትነሻለሽ?»

«ለእሱ አይደለም፤ ለእርስዎ ነው» አልኳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። «እኛ ዘንድ ታላቅ ሲገባ ይነሳሉ።»

ትንሽ አዩኝ። «ወይ ጉድ! ወንበር እንዲለቀቅልኝ እስር ቤት መግባት ነበረብኝ?» ብለው ሳቁና ተቀመጡ። እስኪደላደሉ ቆሜ ቆየሁ።

«እማማ፣ ምን ልበላቸው?» አለ ጠባቂው።

«ከእሳቸው ጋር ነው የመጣሁት በልልኝ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ቻርጅ ተደረግሁ። ረቂቁ በዚያ ዓመት ከኮሚቴ ወጥቶ ለድምፅ አልቀረበም፤ ከዚያ ወዲህም አልቀረበም። የዜግነቴ ጉዳይ እንደተንጠለጠለ ነው። በምርጫ ቀን ሴትዮዋን እስከ ምርጫ ጣቢያው በር እሸኛቸውና እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። ልጄ የፖሊስ መኪና ባየ ቁጥር አሁንም እጆቹ መሪው ላይ ይደርቃሉ።

ስብሰባችን ግን አልቀረም። ወደ አዳራሹ ስገባ ሴትዮዋ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ይነሱልኛል። «ኖር» ይላሉ፣ በራሳቸው አነጋገር። «በእግዜር» ብዬ ቶሎ እቀመጣለሁ፣ እሳቸውም እንዲቀመጡ።

ታላቅ ለታናሽ እንደማይነሳ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።