በአሥራ አምስት ቀን አንድ አይጥ

አሊ ይማም ግመል ሲያግድ ያደገ የራያ ቆላ ሰው ነው። ግመሎቹ በ1965ቱ ድርቅ ሲያልቁ ቆቦ ገባ፤ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። በ1973 ሰኔ የባዮሎጂ መምህሩ ታረቀኝ ለክረምት ኮርስ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አንድ ዘንዶ አስረከበው።

ዘንዶው ገና ልጅ ነው፤ ውፍረቱ የእጅ አንጓ ቢያህል ነው። ዋጃ አጠገብ ማሽላ የሚያጭዱ ገበሬዎች ሊገድሉት ሲሉ ታረቀኝ ለምኖ አመጣው። ለተማሪ ማሳያ እንዲሆን ፊቱ መስታወት የሆነ ሳጥን ውስጥ ገባ።

«በአሥራ አምስት ቀን አንድ አይጥ» አለ ታረቀኝ። «አይጡ ከዘንዶው ወገብ አይወፍር። ከበላ በኋላ አትነካካው። ውሃ አይጉደልበት።»

«በአሥራ አምስት ቀን?»

«አዎ፣ አያ አሊ።»

«እናንተ አገር ጎጃም እንግዳ የሚስተናገደው እንዲህ ነው?»

ታረቀኝ ሳቀና አውቶቡስ ተሳፈረ።

አሊ የመጀመሪያውን አይጥ በቀኑ ሰጠ። ዘንዶው ዋጠና ተጠቅልሎ ተኛ። በሳምንቱ የአሊ ሚስት ሙሚና ምሳ ይዛ መጥታ በመስታወቱ አየችው።

«ይሄ ፍጡር ሞቷል ወይስ ርቦታል?»

«ጠግቧል።»

«ባለፈው ሳምንት በበላው? አንተ ሰውዬ፣ አላህ ይጠይቅሃል።»

በማግስቱ የንብረት ክፍል ኃላፊው ወልደ ሚካኤል መጣ። እሱም ዘንዶው አለመንቀሳቀሱን አልወደደውም።

«የመንግሥት ንብረት ነው» አለ። «በረሃብ ቢሞት አሻጥር ይባላል። ከሥራ መባረር ብቻ እንዳይመስልህ።»

አሊ ፈራ። ከመጋዘኑ በወጥመድ እየያዘ በሦስት ቀን ሦስት አይጥ ሰጠ። ዘንዶው ሦስቱንም ዋጠ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አሊ ሳጥኑን ሲከፍት ሽታው ወደ ኋላ መለሰው። ሦስቱ አይጦች ጸጉራቸው ረጥቦ፣ በከፊል ተፈጭተው ወጥተዋል። ዘንዶው ጥግ ይዟል።

አሊ ሳጥኑን ጠረገ፤ አሸዋውን ለወጠ፤ ሌላ አይጥ አስጠጋለት። ዘንዶው አንገቱን አዞረ።

አሊ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አሰበ። ሳምንት የጠማት ግመል ጠጥታ ከኩሬው ከተነሳች ማንም መልሶ አይገፋትም። ግመልን እንደ ላም በየቀኑ ወደ ውሃ የሚነዳ እረኛ የአባቱን ዱላ ይቀምስ ነበር። ተነስቶ አይጡን ጣለው። ሦስት ሳምንት ምንም ላይሰጥ ወሰነ።

ወልደ ሚካኤል በአምስተኛው ቀን ተመለሰ።

«አበላኸው?»

«አላበላሁትም። አብልቼው ነው የታመመው።»

«ጓድ አሊ፣ ቢሞትስ?»

«እኔ ልታሰር።»

«አሁኑኑ አይጥ ስጠው።»

አሊ ቁልፉን ዘረጋለት። «እንካ፤ አንተ አብላው።»

ወልደ ሚካኤል ቁልፉን አየ፤ ሳጥኑን አየ። እጁን ኪሱ ከተተ። «ኃላፊነቱ ያንተ ነው» ብሎ ወጣ።

አሊ በየጠዋቱ ውሃ እየለወጠ ሄደ። ዘንዶው ከሳ። የአከርካሪው መስመር ይታይ ጀመር። ሙሚና ምሳውን በር ላይ አስቀምጣ መመለስ ለመደች፤ ወደ ውስጥ አታይም። አሊ እንቅልፍ ቢያጣም ቀኑን አላሳጠረም።

በሃያ አንደኛው ቀን ትንሽ አይጥ መርጦ በእንጨት ጫፍ አስገባ። ዘንዶው አልተነቃነቀም። አሊ በሩን ዘግቶ ወጣ። የአስርን ሶላት ሰግዶ ሲመለስ አይጡ የለም፤ ከዘንዶው አንገት በታች ትንሽ እብጠት ይታያል። በሚቀጥሉት አራት ቀናትም እየፈራ ከፈተ። የወጣ ነገር አላገኘም።

ታረቀኝ መስከረም ላይ ሲመለስ አሊ ሁሉንም ነገረው።

«ሦስት አይጥ በሦስት ቀን?»

«በሦስት ቀን።»

«ማነው አብላ ያለህ?»

አሊ የሙሚናንም የወልደ ሚካኤልንም ስም አልጠራም። «ራሴ ነኝ» አለ። «እያየኝ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።»

ታረቀኝ ዘንዶው ጤነኛ መሆኑን በወረቀት ጽፎ ለንብረት ክፍሉ ሰጠ። ስለ ሦስቱ አይጦች ምንም አልጻፈም። አሊ በሥራው ቀጠለ።