ነክተሃል፤ ተጫወት

አባቴ ሰይፈሥላሴ ቼዝ ላይ ምሕረት አያውቅም። አቃቂ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፤ ተሳስቶ የተቆረጠ ብረት ተመልሶ አይቀጠልም ባይ። ለእኔ ለሴት ልጁ እንኳ፣ ባለቅስም፣ የተጫወትኩትን እንድመልስ ፈቅዶልኝ አያውቅም።

የዘወትር ተጋጣሚው ያህያ ነበር፤ የፋብሪካው የጭነት መኪና ሾፌር፣ የወሎ ሰው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የፋብሪካው ሠራተኞች ክበብ በረንዳ ላይ ይገናኛሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ያህያ ፈረሱን ሊያነሳ ሲል እጁ ንግሥቲቱን ነካ።

«ነክተሃል፤ ተጫወት» አለው አባቴ፤ በቼዝ ሕግ የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግድ ነው።

«ሳላስበው ነው፣ ሰይፉ።»

«በዚህ ዕድሜህ ማጭበርበር ጀመርክ?»

በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ያህያ ንግሥቲቱን አንቀሳቀሰ፤ ተበላችበት። ተነስቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ከወራት በኋላ እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንደያዘው ሰማን። አባቴ አፈረ፤ እፍረቱን ግን ኩርፊያ አስመሰለው። ሄደህ ጠይቀው ስለው «እሱ ይምጣ» ይለኛል። በዚህ ግትርነቱ ስንቴ ተጣልተናል።

ብቸኝነቱ ሲያሳዝነኝ ስልኬ ላይ ከኮምፒውተር ጋር መጫወት አስተማርኩት። ባለፈው እሁድ ወታደር ሊገፋ ሲል ወፍራም ጣቱ አጠገቧ ያለችውን ንግሥት ጎትቶ ወሰዳት። ኮምፒውተሩ ወዲያው በላት።

«ጣትህ ስቶ ነው፤ መመለሻው ይኸውልህ» አልኩት።

መመለሻውን አልነካም። ጣቱን አገላብጦ አየ።

«ሰው ፊት አዋረድኩት» አለ። «ያህያ ጋ ውሰጂኝ፣ ሶሊ።»

በባጃጅ ቃሊቲ ሄድን። በሩን የከፈተችልን የያህያ ሚስት ሞሚና ናት። አባቴ ገና ደጃፉ ላይ «ታመመ ሲሉኝ ሳልመጣ ቀረሁ፤ ጥፋተኛ ነኝ» አላት።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት እህል አይቀምስም» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጄን ያዩብኛል ይላል።»

ያህያ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። በጣም ከስቷል። አባቴ ጎንበስ አለ።

«ይቅር በለኝ፣ ያህያ። አላጭበረበርክም።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። አላህም ይቅር ይበለን» አለ ያህያ። ከልቡ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ፊቱ ላይ ቂም አላየሁም።

አባቴ ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ። ያህያ ፈገግ ብሎ አየው እንጂ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አላወጣም።