የጌም ቤቷ ሰማዕት

ራቤል መብራት ከገባ በኋላ ከተማችን መጀመሪያ ያገኘችው ሥልጣኔ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ነው፤ ሁለተኛው ጌም ቤት። ወፍጮው እናቶቻችንን አሳርፏል፣ እድሜ ይስጠው። እኔ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ደግ ነገር እንዳይጠበቅብኝ ከወዲሁ ልናገር።

ጌም ቤቱ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ ወደ መንገድ የዞረው ክፍል ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ወፍራም ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ የተዘጋ መስኮትና የካልሲ ሽታ። ባለቤቱ የአከራያችን ልጅ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ሲመለስ ያመጣው ትርፍ ያ ማሽንና ‹‹እናንተ ምን ታውቃላችሁ›› የሚል አነጋገር ነው። እኔ ከኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል ከአንዲት ልጅ ጋር ተከራይቼ አሥረኛ ክፍል እማር ነበር።

ለማያውቅ ሰው የስንቁን ነገር ማስረዳት አለብኝ። ቤታችን ከራቤል የግማሽ ቀን መንገድ ስለሚርቅ፣ እንደ ሌሎቹ የገጠር ልጆች ሁሉ፣ አባቴ በየገበያው ቀን ስንቅ ይዞልኝ ይመጣል፤ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ዱቄት፣ ሲገኝ ጩኮ። ስንቁ ከመጣ ትምህርቱ ቀጥሏል ማለት ነው። ታላቅ እህቴ ከእኔ በፊት እዚያው ትማር ነበር። ከአንድ ልጅ ጋር መንገድ ላይ ቆማ ታየች የሚል ወሬ አገር ቤት ደረሰና አባቴ በሚቀጥለው ገበያ ባዶ እጁን መጣ። አልተቆጣም፣ አልጠየቀም። እህቴ ባዶ እጁን አየች፤ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ተከተለችው። በዚያው ዓመት ተዳረች። ስለዚህ እኔ በገበያ ቀን አባቴ ብቅ ሲል ከፊቱ በፊት የማየው ትከሻውን ነው፤ ስልቻው አለ ወይስ የለም?

ወደ ጌሙ ልመለስ። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር። ኳስማ ይጫወታሉ፤ ቤቱ ጢም ብሎ የሚሞላው ግን የጎራዴው ጌም ሲከፈት ነው። በሩ ክፍት ስለሚሆን ውኃ ቀድቼ ሳልፍ አየዋለሁ። ወንዶቹ ተዋጊዎች ከአንገታቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ብረት ለብሰዋል። አንዱማ በብረቱ ላይ ጸጉራም ካፖርት ደርቧል፤ የሚዋጉበት ቦታ በረዶ ነዋ! ከነሱ መካከል አንዲት ሴት አለች። እሷም ብረት ለብሳለች ይባላል። ደረቷ ላይ ሁለት ጭልፋ የሚያህል፣ ከወገቧ በታች አንድ መዳፍ የሚያህል፣ አለቀ። ሆዷና ጀርባዋ ለበረዶውም ለጎራዴውም ተትቷል። በእኛ አገር በጥቅምት ውርጭ ማለዳ የሱፍ ባናውን ሳይደርብ ከደጅ የሚወጣ ሰው የለም፤ በጉ እንኳ ከነጸጉሩ ይንቀጠቀጣል። ያቺን ሴት የሠራት ሰው ብርድ አያውቅም፣ ጦር አያውቅም። ሴት ያውቃል ለማለትም ይቸግረኛል።

ጌሙ ሲጀምር ወንዶቹን በፊታቸው ነው የሚያስተዋውቀው። እሷን ግን ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፊቷ ጋ ሊደርስ ሲል ጦርነቱ ይጀመራል። ወንዱ ሲመታ ያገሣል። እሷ ስትመታ የምታሰማው ድምፅ ግን የተመታ ሰው ድምፅ አይደለም፤ ያንን ድምፅ ለመስማት ብለው ሆን ብለው የሚያስመቷት ልጆች ነበሩ። ስታሸንፍ ደግሞ ይብሳል። ወንዶቹ ጎራዴያቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ፤ እሷ ጎንበስ ብላ ትሽኮረመማለች። ሰው ገድላ፣ ደሙ ሳይደርቅ፣ ትሽኮረመማለች! እናቴ አንድ ጊዜ ጅብን በዱላ አባርራ በግ አስጥላለች። ከዚያ በኋላ ያደረገችው አጥሩ ሥር ዘፍ ብሎ መተንፈስና ጅቡን እስከ ሰባት ትውልዱ መርገም ነው። መሽኮርመም ትዝም አላላትም።

ዛሬ በከተማ በየሰው ቤት የሚጫወቱትን አልፎ አልፎ አያለሁ። ሥዕሉ ጠርቷል፤ የፈረሱ ጋማ እየተነጠለ ይታያል፣ የውኃው ነጸብራቅ ያስደንቃል። ለጋማው ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ለሴትዮዋ አንድ ጥብቆ አጣላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና ጌም ቤቱ ባዶ ሆነ። ባለቤቱ ብቻውን ሰልችቶት ‹‹ነይ እስቲ ተጫወቺ፣ ገንዘብ አልልሽም›› አለኝ። ገባሁ። እሱ ካፖርት የለበሰውን መረጠ፤ እኔ እሷን መረጥኩ። ወድጃት አይደለም፤ ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ስለሆነች ነው። ይህን እዚያ ቤት ሲውሉ ሲያድሩ የኖሩት ልጆች አላወቁትም ነበር፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ሆኖ እጇን መች አዩት! ደጋግሜ አሸነፍኩት። ዝናብ ለመጠለል የገቡ የክፍሌ ልጆች በሩ ላይ ቆመው አዩ። ወንድ ቢያሸንፈው ‹‹ጎበዝ›› ይባል ነበር። እኔ በማግስቱ ‹‹ተዋጊዋ›› ተባልኩ። እንዲህ ሲጻፍ ክብር ይመስላል። ‹‹ተዋጊዋ፣ ብረትሽን የት ጣልሽው?›› ነበር የሚሉኝ፤ ሌላም ይሉ ነበር፣ አልጽፈውም። መንገዱ ሁሉ ያንን ስም ሲጮህ፣ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ የሚመጣበትን የገበያ ቀን።

በዚህ ላይ የሥዕሉ ነገር መጣ። ባለቤቱ ገበያተኛ እንዲስብለት ብሎ የሴትዮዋን ምስል በውጭው ግድግዳ ላይ ሊያሥል ተነሣ። ራቤል ውስጥ ሥዕል የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሣለ፣ ሥራ ሲጠፋ ‹‹ምግብ ቤት›› እና ‹‹ጸጉር ቤት›› እያለ የሚጽፍ ዝምተኛ ሰው። ባለቤቱ የሲዲውን ሽፋን ሰጠውና ‹‹ልክ እንደዚህ። ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሁለት ተጫዋች ልጆች አድርግበት›› አለው። ሰውየው ሽፋኑን ገልብጦ አየ፣ ልጆቹንም አየ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብቶ ጀመረ።

ሲጨርስ ሄጄ አየሁት። ሳቄ መጣ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣ ሳቅ ነው። ብረቷን እንደታዘዘው ሥሎታል፤ አልጨመረም አልቀነሰም። ፊቷን ግን ሌላ ፊት መሣል አያውቅምና በሚያውቀው ሣለው፤ ፊት ለፊት የሚያዩ ሁለት ትልልቅ ያዘኑ ዓይኖች። ልጆቹን በጎን ሣላቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይን፣ አንድ ጉንጭ፣ የገጠጠ ጥርስ። ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፣ አንድ ዓይን ይዞ በጎን የሚቆመው ሰቃይና ሰይጣን ነው። በዚያ ላይ ልጆቹ በእጃቸው የጨበጡት ጆይስቲክ ጥቁር ገመዱ ረዝሞ ወደ እሷ ይጠመዘዛል። ጅራፍ ነው፤ ቁርጥ ጅራፍ! ሰዓሊው ሆን ብሎ ይሁን እጁ ልማዱን ተከትሎ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባለቤቱ ‹‹በጣም ምርጥ ነው›› አለ፤ ልጆቹም ‹‹ያኛው አንተ ነህ፣ ይሄኛው እኔ ነኝ›› እየተባባሉ ተጨቃጨቁ። ሞኝነታቸውን ግድግዳ ላይ አጽፈው እልል አሉ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ማለዳ አንዲት አሮጊት ከነሸክማቸው ሲያልፉ ድንገት ቆሙ። ሥዕሉን አዩ፤ የተገፈፈች ሴት፣ ሁለት ዓይና፣ ከግራ ከቀኝ ባለ ጅራፍ። ሸክማቸውን አውርደው ሰገዱና ግድግዳውን ተሳለሙ። ‹‹እኔን እናቴ! እንዲህ ገፈው ገረፉሽ?›› አሉ። ከኋላቸው የመጣችውም ሰገደች። አንዷ ስትሰግድ አይቶ ማን ቆሞ ይቀራል? ረፋድ ላይ በጌም ቤቱ ደጅ የቆመው ሰው በውስጥ ካለው በለጠ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ‹‹በሰማዕት ደጅ አይሳቅም!›› ሲባሉ ዝም አሉ። ባለቤቱስ ምን ብሎ ያስረዳ? ‹‹ሰማዕት አይደለችም፣ ልጆቹ እንዲያዩዋት ነው ያራቆትናት›› ይበል?

እኔ በግቢው በር ሥር ቆሜ ይህን ሁሉ እያየሁ ነበር። አባቴ መጣ። ስልቻው ትከሻው ላይ አለ። ልቤ እፎይ አለ፤ ቶሎ ተቀብዬው ወደ ገበያው ቢያልፍልኝ ብዬ ስጣደፍ እሱም ሥዕሉን አየ። ከነስልቻው ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን ተሳለመ፤ በአንዴ አልበቃውም፣ ግንባሩንም አስነካ።

ይሄኔ ነው ከልጆቹ አንዱ፣ በአሮጊቶቹ የተዋረደበትን ሊወጣ፣ እኔን ሲያይ የጮኸው። ‹‹ተዋጊዋ! ያውልሽ ሥዕልሽ፣ ነይ ተሳለሚው!››

አባቴ ቀና አለ። ‹‹ማንን ነው?››

‹‹እሷን ነዋ አባት›› አለ ልጁ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ። አባቴ መሆኑን አላወቀም። ‹‹ይቺን ስለምትመስል ነው። ቴሌቪዥን ላይም አለች፣ ይግቡና ይዩ።››

አባቴ በበሩ አሻግሮ ተመለከተ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትዮዋ አሸንፋ እየተሽኮረመመች ነበር። ብዙ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። የማየው ስልቻውን ነው። እጁ የስልቻውን አፍ ጨብጧል፤ አላወረደውም። ይዞት ሊመለስ ነው አልኩ። እህቴ ልብሷን የቋጠረችበት ነጠላ ዓይኔ ላይ መጣ።

አሁን ስለ አባቴ አንድ ነገር ልናገር። ፍርድ አዋቂ አልነበረም፤ ለእህቴ ያደረገውን ጽፌዋለሁ። ግን ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። አንድ ጊዜ መካን ላም ገዝቶ፣ ላሟ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ‹‹ዘንድሮ ትወልዳለች›› ይል ነበር። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ፣ ግማሹ የጊሼ ወረዳ በተሰበሰበበት ገበያ፣ ግንባሩን ያስነካው። ሥዕሉ የነውር ሥዕል ከሆነ ነውሩን የሳመው እሱ ነው። አሮጊቶቹ አፍ አፉን ያያሉ።

ጉሮሮውን ጠረገ። ‹‹ማን ነው የገፈፋት?›› አለ።

ባለቤቱ ‹‹ኧረ ማንም አልገፈፋትም አባት›› አለ። ‹‹እንዲሁ ናት። ስትሠራም እንዲሁ ነው የተሠራችው።››

‹‹ማን ነው የሠራት?››

‹‹እኔ ምን አውቄ፤ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው።››

‹‹እንግዲያው እነሱ ናቸዋ የገፈፏት። ጎራዴ አስይዞ፣ በረዶ ላይ፣ ራቁቷን የሚያቆማት ምን በድላው ነው?›› ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ለገበያው ነው የሚናገረው። ‹‹እነዚህም ቁጭ ብለው ሲስቁባት ይውላሉ። ሰዓሊው ዓይናችሁን አንድ ያደረገው በከንቱ አይደለም! አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል? ይፈር ገፋፊው፤ የተገፈፈችው ምን ታፍራለች? ደግሞ ይቺ ልጄ ናት። በሰማዕት ስም ከጠራችኋት አይቀር፣ ቆባችሁን አውልቃችሁ ጥሯት።››

‹‹አሜን›› አሉ አሮጊቷ።

ልጁ ቆቡን አወለቀ። እውነቴን ነው፤ ቆቡን አውልቆ የሚያደርግበት ጠፍቶት በእጁ ሲያሻሸው አየሁት። ባለቤቱ ወደ ውስጥ ገባና ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

አባቴ ወደ እኔ መጣ። ያየውን አይቷል፤ ሴትዮዋ ሰማዕት አለመሆኗን ከእኔ እኩል ያውቃል። ፊቱ በቁጣ ይሁን በኀፍረት ቀልቷል፤ ዓይኔን ማየት አልፈለገም። ከፊቴ ቆመ። ክፍሌ ገብቼ ልብሴን ልቋጥር ወይስ ልጠብቅ አላወቅሁም።

‹‹ተቀበይኝ እንጂ!›› አለ ስልቻውን ወደ እኔ እያዘነበለ፤ ‹‹ትከሻዬ ተገነጠለ።››