አባባ የማይረግጡት መንገድ

ሰሞኑን ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን አስፋልት ሊጠግኑ መጥተው ሬንጅ ሲያቀልጡ፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ ሥራዬን አስጥሎ አስነሣኝ። መስኮቱን ዘጋሁት፣ ከፈትሁት፣ መልሼ ዘጋሁት፤ መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ሬንጅ በሸተተኝ ቁጥር የእናቴ አባት ይመጡብኛል። እኛ አባባ እንላቸው ነበር፤ በደጃቸው የሚያልፈውን አስፋልት ላለመርገጥ የማሉ ሽማግሌ ነበሩ።

በጋውን የምንኖረው ጎንደር አራዳ ነበር። አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ እናቴ የሆስፒታል ነርስ ነበሩ። ቤታችን ጣሊያን ለሹሞቹ ከሠራቸው ቤቶች አንዱ ስለነበር፣ አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን በጡጫው መታ መታ እያደረገ «ይኸው ስንት ዘመኑ፣ አንድ ስንጥቅ አለው? አምስት ዓመት ቆይተው ነው እኮ ይህን ሁሉ ሠርተው የሄዱት!» ይል ነበር። ስለ መርዙ ጋዝና ስለተሰቀሉት ሰዎች ሲነሣበት «እሱማ ክፉዎች ነበሩ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ያልፈውና «መንገዱ ግን…» ብሎ እንደገና ይጀምራል። እኔም አባቴ የተናገረው ሁሉ ልክ ይመስለኝ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ሄጄ ያንኑ ንግግር ቃል በቃል ለጓደኞቼ እደግመው ነበር።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ግን ሊማሊሞን በአውቶቡስ እየተጠማዘዝን ወርደን ድብ ባሕር፣ አባባ ዘንድ እንሄድ ነበር። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ እናቴ «ቂጥሽ ላይ እሾህ አለ ወይ?» የምትለኝ ልጅ ስለነበርሁ፣ አውቶቡሱ ቆሞ ሳያበቃ ዘልዬ ወርጄ ወደ ቤታቸው እሮጣለሁ። አባባ መንገድ ዳር ወጥተው ተቀብለውን አያውቁም። ቤተ ክርስቲያኑ ከአስፋልቱ ማዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ በላይ ተሻግሮ ሲሄድ እሳቸው ወደ ወንዙ ወርደው፣ በረባሷቸውን አውልቀው፣ በድልድዩ ሥር ጎንበስ ብለው በውኃው ውስጥ ያልፉ ነበር። የሰፈሩ ሰው ለምዶት «ምነው?» የሚላቸው አልነበረም። እኔ ስጠይቃቸው «እግሬ አይወደውም» ይሉኛል።

ይህን እንደ ሽማግሌ አመል ቆጥረን ስንስቅ ቆየን፤ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ግን ሳቁ ቀረ። አንዱ ክረምት በመልኬ ሳይሆን በድምፄ አወቁኝ፤ በሚቀጥለው ጥላ ብቻ ቀረላቸው። እናቴ «ጎንደር ይምጡ፣ ሐኪሞቹን አውቃቸዋለሁ፣ ሞራውን ያነሡልዎታል» ብላ ለመነቻቸው፣ አለቀሰች፣ የነፍስ አባታቸውን አማላጅ ላከች። መልሳቸው ሁልጊዜ «በዚያ መንገድ አልሄድም» ነበር። በድሮው የእግር መንገድ እንዳይሄዱ ደግሞ፣ ያ ገደል ዓይኑ ለታወረ ሰው የሚሞከር አልነበረም። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት ስትል ትውላለች። «የሰውን ዓይን እያስታመምሁ የገዛ አባቴ ይታወርብኝ?» ትላለች።

በፍልሰታ ጾም ወደ ቅዳሴ የምመራቸው እኔ ነበርሁ። ዐሥር ዓመቴ ነው። እጃቸውን ይዤ በድልድዩ ሥር ሳሳልፋቸው፣ «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ጋ ጎንበስ ይበሉ» ስላቸው፣ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከጎተራው ጀርባ ጠራኝና «ነገ በላይ፣ በአስፋልቱ አምጫቸው፤ ወንዙ ሞልቷል በያቸው። እኔ አውቶቡስ አቁሜ እጠብቃለሁ። አንቺ አድርሻቸው እንጂ ሌላውን ለእኔ ተዪው» አለኝ። ለእናቴ እንዳልነግራት አስጠነቀቀኝ። «ከዳኑ በኋላ ያመሰግኑናል» አለ። ደስታው አላስቀምጥ አለኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ እጃቸውን ይዤ ወጣሁ። ወደ ወንዙ የሚወርደው ቅያስ ጋ ስንደርስ «አባባ፣ ወንዙ ሞልቷል፣ በሌላ በኩል እንዙር» አልኋቸውና ዳገቱን ይዣቸው ወጣሁ። ስላመኑኝ ተከተሉኝ። አስፋልቱ ላይ ጥቂት እንደተራመድን በትራቸው ኳ አለ። ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ የት አመጣሽኝ?»

«ወንዙ ሞልቶ ነው፣ አባባ።»

«ወንዙንማ እሰማዋለሁ። አልሞላም።»

አባቴ አውቶቡሱ አጠገብ ቆሞ ‹ነይ፣ ነይ› እያለ እጁን ያወዛውዛል። «ለእርስዎ ብለን ነው፣ አባባ፤ ዓይንዎ እንዲድን» አልሁ።

እጃቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡ።

«እኔም አያ ሞገስን እንዲሁ ነበር ያልሁት» አሉ።

አባቴ እየሮጠ ሲመጣ ኮቴውን ሰምተው ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። «ስማኝ፣ አስተማሪው። ጥሊያን ይህን መንገድ ሲያስቆፍር እኔ ካቦ ነበርሁ። ቋንቋውን ቶሎ ለቀምሁና የአገሬን ሰው አሰልፌ የማሠራ እኔ ሆንሁ። መሐንዲሱ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ ‹ይህ ለእናንተ ነው፣ ልጆቻችሁ ይሄዱበታል› ይለኝ ነበር። አመንሁት፤ ያመንሁትን ነው ለሰው የነገርሁ። ያላመነኝን ደግሞ ገረፍሁ። አያ ሞገስ ጎረቤቴ ነው። ወባ ይዞት ተኝቶ ሳለ ደጁ ሄጄ ‹ተነሥ፣ ለልጅህ ነው› ብዬ እጁን ይዤ አመጣሁት። ከሰዓት በኋላ ገደሉ ተናደበት። ‹አንድ ቀን ስጡን፣ እናውጣው› ብለን ብንለምን ሥራ አይቆምም ተባለ፤ በላዩ ድንጋይ አነጠፍንበት። መንገዱ ሲያልቅ መጀመሪያ ያለፈው የማን ልጅ ይመስልሃል? መድፍ ነው ያለፈ፤ ዱር የገቡ ወንድሞቻችንን ሊፈጅ።»

አባቴ መልስ የሚያጣ ሰው አልነበረም። «አባባ፣ ያ ሁሉ አልፏል እኮ፤ መንገዱ ዛሬ የእኛ ነው» አላቸው።

«የናንተስ ነው። ሂዱበት፣ ሸጋ መንገድ ነው። እኔ ግን አያ ሞገስን ረግጬ የማገኘው ዓይን አልፈልግም።»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። አባባ ዞረው በበትራቸው እየዳሰሱ ቁልቁለቱን ብቻቸውን ወረዱ። ሮጬ እጃቸውን ልይዝ ስል «ተይ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ የከፋኝ። ሁለት ጊዜ ወደቁ፣ ሁለት ጊዜ ተነሡ፤ እኔ ከኋላቸው እያለቀስሁ ተከተልኋቸው።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ አባቴን ጎንደር እስክንገባ አላናገረችውም። እኔን አልገረፈችኝም፤ ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። በአባቷም ተናዳለች፤ ካቦ እንደነበሩ ከተወለደች ሰምታ አታውቅም። «ለሞተ ሰው ይህን ያህል ያዝናሉ፤ በሕይወት ያለሁት እኔ ምናቸው ነኝ?» እያለች ለብቻዋ ስታወራ እሰማት ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ስንሄድ አባባ አገላብጠው ሳሙኝ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ የበቆሎ እሸት ከፍለው ሰጡኝ። ለቅዳሴ ሲነሡ ግን አብራቸው የምትኖረውን አክስቴን ጠሩ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ በድልድዩ ሥር ሲያልፉ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ክረምት አልተጨመረላቸውም፤ ብርሃን ሳያዩ አረፉ። አባቴ ስለ መንገዱ ማውራቱን ለአንድ ዓመት ያህል ትቶት ነበር፤ ከዚያ አመል ነውና ቀስ እያለ ጀመረው። እኔ ግን ትምህርት ቤት ሄጄ መድገሙን ተውሁ።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ያ መንገድ ታድሶ ሰፍቷል፤ በሽተኛ ይመጣበታል፣ እህል ይወጣበታል፣ እኔም ልጆቼን ይዤ እመላለስበታለሁ። መንገዱን እወደዋለሁ፤ መውደዴም ያበሳጨኛል። ድልድዩ ጋ ስደርስ መኪናዬን አቁሜ እወርዳለሁ፤ ለምን እንደወረድሁ ሳላውቅ ጥቂት ተንጎራድጄ ተመልሼ እገባለሁ። ተማሪዎቼ «መንገዱን ግን ሠርተውልናል» ሲሉኝ አልቆጣቸውም፤ በእነሱ ዕድሜ እኔም ለአባባ የሚበጃቸውን ከራሳቸው በላይ የማውቅ ነበርሁ። ዓይናቸው ይድን እንደነበር ዛሬም አልጠራጠርም። ትክክል ነበርሁ፤ እጃቸውን ያጣሁትም ትክክል ሆኜ ነው።