ሞላሰስ የጠጣው ግድግዳ

ባልዲዬን ይዤ የባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ስወጣ እግሬ እንጨቱን የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለው የተወረሰ ሆቴል ታድሶ የሠራተኞች ክበብ ሊሆን ነው፤ የፊቱን ግድግዳ የምለስነው ደግሞ እኔ ነኝ! በድርጅታችን ሴት ለሳኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ወንዶቹ «እስቲ እናያታለን» ይላሉ። እዩኛ! ልታይ አይደል የመጣሁት?

ውስጡ የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። አናጢዎቹ የበሰበሰውን ወለል እየነቀሉ አዲስ ጣውላ ይመታሉ፤ ቀቢዎቹ በሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ከሥር ሌላ ቀለም፣ ከዚያም ሥር ሌላ ቀለም ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ሥራችንን ጥለን ለማየት እንሮጣለን። አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል፣ ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ የምገኘው ለዚያ አቧራ ስል ነበር።

ሆቴሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ማወቅ ከተባለ፣ ከውጭ ብቻ። አባቴ ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር፣ በኋላ ነው ፋብሪካው ውስጥ የገባው። በንጉሡ ጊዜ አንድ ቀን ገበያ ይዞኝ መጥቶ፣ ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ፣ ወደዚህ በረንዳ ወስዶ ውሃ ለመነልኝ። ዘበኛው የተቃጠለ ሸንኮራ ጥላሸት ያጠቆረውን የአባቴን ልብስ አየና በዱላው መንገዱን አሳየን። አባቴ አልተጣላም። ከመንገዱ ማዶ አቆመኝና ከመሐለኛው መስኮት በላይ ያለውን ከኖራ የተሠራ ትልቅ አበባ አሳየኝ፤ ቅጠሎቹ በሁለቱም ጎን ወርደው መስኮቱን አቅፈውታል። «እሱን እንዳናይ ማንም አይከለክለንም» አለኝ። እስከ ወንጂ ድረስ ስለ አበባው እያወራን ሄድን። የውሃው ነገር ግን ከልቤ አልወጣም፤ ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል።

እንግዲህ መሐንዲሳችን ያንን አበባ ጠርቦ ጥሎ ፊቱን በሙሉ በሲሚንቶ ሊያስለስነው ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የድሮው ኖራ ብዙ ቦታ ረግፏል፣ አበባውም ግማሽ ቅጠሉን ጥሏል፣ ክበቡ ደግሞ ለሜይ ዴይ መድረስ አለበት። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ፊቱ ቆሜ፣ «በኖራ እጠግነዋለሁ! የመሐለኛውን መስኮት ብቻ ይስጡኝ!» ስል ጣቢያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«እሺ፣» አለኝ ሲሰለቸው፣ «መስኮቱን ለስኚ። ሲሚንቶው እስኪገባ ከደረቀልሽ ሕንጻው በሙሉ በኖራ ይሠራል። ካልደረቀ አበባሽን ደህና ሁን በይው።»

የድሮ ለሳኞች ኖራው እንዲይዝ ከስኳር የሚተርፈውን ጥቁር ወፍራም ሞላሰስ ጠብ ያደርጉበት ነበር፤ ከበዛ ግን አያደርቀውም። ሞላሰስ ደግሞ የኛ አገር ነገር ነው! አንድ ጣሳ እንዲያመጣልኝ ለአባቴ ላኩበት። እሱም አለቆቹን አስፈቅዶ፣ በጋሪ አስጭኖ፣ ከነበርሜሉ ከች አለ።

«ለየትኛው ግድግዳ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ በጣቴ አሳየሁት። ዓይኑ በራ።

«ያ አበባ?»

«ያ አበባ፣ አባዬ!»

ካቦካሁት ኖራ አጠገብ ትቼው ምሳ በልቼ ስመለስ ነጩ ኖራ ቡናማ ሆኖ ጠበቀኝ። «ሲያንስ ያሳፍራል ብዬ ጨመር አደረግሁበት» አለኝ በኩራት። ወንጂ ያደገ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ በእኛ ሰፈር ለእንግዳ ሻይ ስኳር ማሳነስ ነውር ነው፤ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ ካልቆመ እንግዳው ተንቋል። አባቴ ለዚያ ግድግዳ ሻይ ነው ያቀረበለት። ሌላ ኖራ ለማቡካት ጊዜ አልነበረኝምና ለሰንኩት። ሲለሰን ደግሞ እንዴት ያለ ነው! እንደ ቅቤ ይሄዳል። የጎደሉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ስቀርጽ አባቴ ከታች ሆኖ «ትንሽ ወደ ግራ! እሱ ጠመመ!» እያለ ያዘኛል። እንደዚያ ቀን ተደስቼ የማውቅ አይመስለኝም።

መሐንዲሱ ሊያይ መጣ። አውራ ጣቱን ግድግዳው ላይ ሲጫን ጣቱ ገባ። አወጣው፣ አሸተተው፣ ከዚያም ቀመሰው።

«ምንድን ነው ይሄ? ሻይ ነው እንዴ የለሰንሽው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ሲሚንቶው በማግስቱ ጠዋት ይገባል፤ ጠራቢዎቹም አበባውን እንዲያወርዱ ታዘዙ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ግድግዳውን እያየ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ» አለኝ። ባርኔጣውን ተቀብዬ መልሼ ራሱ ላይ ደፋሁለት። እንባዬ መጥቶ ነበር።

በማግስቱ ሲሚንቶ የጫነው መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ ጠራቢዎቹ መዶሻና መሮ ይዘው መወጣጫውን ጀምረዋል። በድንገት፣ እኔ ዘንድ ያደረውን አባቴን ሊመልስ የመጣው ጋሪ ነጂ ጮኸ፤ «ከኒሳ! ከኒሳ! ኧረ ንብ ነው!» ቀና ስል ግድግዳው የለም፤ በንብ ተሸፍኗል! ሚያዝያ ነው፣ ሜዳው ደርቆ አንድ አበባ የለም፤ የናዝሬት ዙሪያ ንብ ሁሉ የአባቴን ግብዣ ሰምቶ መጥቷል። ጠራቢዎቹ መሣሪያቸውን ጥለው ወረዱ። ፈረሱ ጋሪውን ይዞ ወደ ጣቢያው ፈረጠጠ። መሐንዲሱ ዘሎ መኪናው ጋቢና ውስጥ ገባና መስታወቱን ዘጋ፤ ሾፌሩም መሐንዲሱንም ሲሚንቶውንም እንደያዘ በረረ። እኔ ድሮ ከአባቴ ጋር ከቆምንበት ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፤ አባቴም አጠገቤ እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

በዚያ ዘመን ሲሚንቶ ቆሞ የሚጠብቅ ዕቃ አልነበረም፤ በዚያው ዕለት ለሌላ ሥራ ተራገፈ፣ ሌላ እስኪፈቀድም ሜይ ዴይ ያልፋል። ንቦቹ ጣፋጩን እየላሱ፣ የናዝሬት ነፋስም እየመታው ግድግዳው ጠነከረ። ንቦቹ ሲሄዱ መሐንዲሱ ፊቱ አባብጦ ተመለሰ። ጣቱን ተጫነ፤ አልገባም። በቁልፉ መታ መታ አደረገው። አበባውን ትንሽ አየና፣ «ቀሪውን በኖራ ጨርሺው» አለኝ፤ «አባትሽ ግን ከበርሜሉ ይራቁ።» እልልታዬን አቀለጥኩት።

በሜይ ዴይ አባቴ ኮቱን ለብሶ መጣ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። እሱ ግን ያ ዘበኛ የመለሰን ደረጃ ላይ ሲደርስ እግሩ እምቢ አለው። ቀና ብሎ አበባውን ያያል።

«ግባ እንጂ፣ አባዬ» ብዬ እጁን ያዝኩት። ገባንና ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥን።

አስተናጋጁ፣ «ምን ልታዘዝ፣ አባባ?» አለው። ቢራም ነበር፣ ለስላሳም ነበር። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውሃ» አለ። «ቀዝቃዛ ውሃ ለልጄ ስጥልኝ፤ ጠምቷታል።»

እጇ በኖራ የተሰነጣጠቀ ትልቅ ሴት ነበርኩ። ብርጭቆውን ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።