በአንድ ቀዳዳ ያለፉ ሁለት ሽቦዎች

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልቆሰለም። የተሰበረው አንድ መጥረጊያ ብቻ ነው። ሆኖም የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ደባርቅ በተመለስኩበት ክረምት የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

አክስቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ሁለት ወፍጮ አላት። ትልቁ የእህል ነው፤ ትንሹ በርበሬና ሽሮ ይፈጫል፣ ወረፋ ሲበዛ ደግሞ ስንዴ። መብራቱ ደካማ ስለሆነ ሞተሮቹ ለመነሣት ያቃስቱ ነበር። በሐምሌ ከጎንደር የመጣ ባለሙያ ለእያንዳንዳቸው ኢንቨርተር ገጠመላቸው፤ ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሣና ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ሣጥን ነው። ሣጥኖቹ ዱቄት እንዳይገባባቸው ከግድግዳው ማዶ ተሰቀሉ፤ ማስነሻ ቁልፎቹ ግን አክስቴ እህል በምትመዝንበት በር አጠገብ እንዲሆኑ ተስማማን፤ ባለሙያው የትልቁን ገጥሞ የትንሹን ለእኔ ተወ። "ቀጭኑን የቁልፍ ሽቦ ከወፍራሙ የሞተር ሽቦ ጋር እንዳታደርጊው፤ ለብቻው ቀዳዳ ብሺለት" ብሎኝ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ሮጠ።

ግድግዳው ክንድ የሚሞላ ድንጋይ ነው። አክስቴ መሮውን ይዛ ላቧ ጠብ ሲል አየሁና አሳዘነችኝ። የትንሹን ወፍጮ የቁልፍ ሽቦ በነበረው ቀዳዳ፣ ከትልቁ ወፍጮ የሞተር ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አሳለፍኩት። ሠራ። "ጎበዝ፣ የኔ ኢንጂነር!" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ያ ስም በወረፋተኛው ሁሉ አፍ ገባ።

በነሐሴ መባቻ ትንሹ ወፍጮ ማንም ሳይነካው ተነሣ።

"በክርንሽ ነክተሽው ነው" አለችኝ። ከቁልፉ ሦስት እርምጃ ርቄ ነበር። ወፍጮውን አጥፍቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በርበሬ ከተፈጨ በኋላ፣ ስንዴ ከመግባቱ በፊት፣ አክስቴ እጇን እስከ ክርኗ ወደ ትንሹ ወፍጮ ሆድ ሰድዳ በመጥረጊያ ታጸዳዋለች፤ አለዚያ ዳቦው ያቃጥላል። ወረፋ ስላለ ትልቁን አታቆመውም። መብራቱን የሚቆርጠው ብሬከር ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ እጇ በገባ ቁጥር ቁልፉን በጀርባዬ ከልዬ እቆም ነበር። ውጭ የልጆቹ የቡሄ ጅራፍ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ከቡሄ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከዳባት በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ለልጅ ልጆቻቸው ሙልሙል የሚሆን ስንዴ ይዘው፣ ሬድዮ ትከሻቸው ላይ አንግተው ተራ ይጠብቁ ነበር። ትልቁ ወፍጮ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ሬድዮው ይንጫጫል።

"እቴ፣ ወፍጮሽ ሬድዮዬን ሰደበው" አሉ።

"ዜናውን ጠልቶት ነው አባባ፤ ዘፈን ያድርጉለት" አለች አክስቴ። ወረፋው ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። በአየር ብቻ የሚሰማ ሬድዮ ይህን ያህል ከታወከ፣ ከሞተሩ ሽቦ ጋር ተጣብቆ የተኛ ቀጭን ሽቦማ ምን ይሆናል? ከኢንቨርተሩ የሚወጣው ረብሻ በቁልፉ ሽቦ ገብቶ ትንሹን ወፍጮ "ተነሥ" እያለው ነው። ቁልፉን መከለሌ ከንቱ ነበር። ጥፋቱም የኔ ነው።

አክስቴ እጅጌዋን ጠቀለለች። መናገር ማለት ያንን "ጎበዝ" መመለስ ነበርና ዘገየሁ። እጇ ገባ። ሬድዮው መንጫጫት ሲጀምር ዘልዬ ብሬከሩን አወረድኩት።

ትልቁ ወፍጮ ጸጥ አለ።

"ኢንጂነሯ መብራት ማጥፋት ነው እንዴ የተማረችው?" አለ ከወረፋው አንዱ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለች አክስቴ።

ሁሉንም ነገርኳት። እጇን አውጥታ መጥረጊያውን ብቻ ውስጥ ተወችውና "መልሺው" አለችኝ። ብሬከሩን መልሼ ትልቁን አስነሣሁት። ምንም አልሆነም። ሰዉ ሁሉ እኔን ያይ ጀመር። አቁሜ እንደገና አስነሣሁት። ሬድዮው ተንጫጫ፤ ትንሹም ብድግ አለ። መጥረጊያው ቋ ብሎ ተሰበረና ስንጥሩ እግራችን ሥር ወደቀ።

አዛውንቱ አማተቡ። አክስቴ እጇን አገላብጣ አየችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የጠረጠርሽ?"

"ከወሩ መግቢያ።"

"ይህን ሁሉ ቀን እጄን ስከት ዝም ብለሽ አየሽኝ?"

ስንጥሩን ከእግሯ ሥር ለቀምኩ።

"ቀዳዳውን አንቺ ትበሺዋለሽ" አለች። የቁልፉን ሽቦ ነቀልን፤ የአዛውንቱን ስንዴ በትልቁ ፈጨንላቸው። ሰኞ መሮውን አነሣሁ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። የቡሄ ዕለት ሥራ የለም፤ በማግስቱ ድንጋዩ ተበሳ። ቀጭኑን ሽቦ ለብቻው አሳለፍኩትና ትልቁን ሃያ ጊዜ ያህል አስነሣሁት። ትንሹ አልተነቃነቀም።

አክስቴ ግን ብሬከሩን ራሷ አወረደችው። "ከእንግዲህ እጅ ሲገባ ወረፋው ይጠብቃል" አለች። እኔን ብሬከሩ ሥር አቆመችኝ፤ እጅጌዋን ጠቀለለችና ዞራ አየችኝ።

"ዛሬስ ያልነገርሽኝ አለ?"

"የለም።"

እጇን ከተተች። ነሐሴ 14 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር።