ከካስኩ ጋር የተጣላው ድረ ገጽ

ባለቤቴ ጸጉር አስተካካይ ነው። እኔም እዚያው ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሴቶቹን እሠራለሁ። ታዲያ ይሄ ሰውዬ የራሱ ድረ ገጽ አለው። ድረ ገጽ ስላችሁ ሰው ሁሉ ፎቶውን የሚለጥፍበትን የትልልቅ ኩባንያዎች ሠፈር ማለቴ አይደለም። በገዛ እጁ የሠራው፣ ፎጣ መደርደሪያው ላይ ከተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር የሚነሳ፣ የራሱ የብቻው ነው። አንድ ደንበኛው ነበር ያስተማረው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው!

ችግሩ የመብራት መስመራችን ነው። ጸጉር ማድረቂያ ካስኩንና ኮምፒውተሩን አንድ ላይ አይችልም። ስለዚህ አንዷን ካስክ ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር ኮምፒውተሩን እነቅላለሁ፤ ድረ ገጹም ሴትዮዋ እስክትደርቅ ድርግም ይላል። ሠርግ በበዛበት ሰሞንማ ከሚበራበት የሚጠፋበት ይበልጣል። ባለቤቴ ከመጋረጃው ማዶ "ደግሞ አጠፋሽኝ?" ይላል። እኔም "ጠፍተህ ቅር!" እለዋለሁ።

የሚጽፈው የዕለት ውሎውን ነው። መላጫ ወንበር ላይ ስለሚያንኮራፋው ሹፌር፣ ራሱ በራ ሆኖ ሳለ በየሳምንቱ እየመጣ "ከኋላ አታሳጥረው" ስለሚለው ጡረተኛ። ስም አይጠራም፤ ሐሜት ግን ሐሜት ነው። "ለመሆኑ ስንት ሰው ያነበዋል?" ስለው፣ "እኔ ምን አውቄ! በር ላይ ቆሜ መንገደኛ አልቆጥር" ይለኛል። ሁለት ሰው ቢያነበው ነው፤ አንዱ ራሱ ነው።

አንዲት ልጅ አለችን። እጇ የተባረከ ነው፤ ከሁለታችንም ትበልጣለች። ቤቱን ትረከበናለች ብሎ ሲመካባት፣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። የሄደች ዕለት በንዴት "ሁለተኛ እንዳትደውዪልኝ" አላት። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና ቃሉን አከበረችለት። ለእኔ በየቀኑ ትደውላለች፣ የእሱን ነገር ግን አታነሳም። እሱም አያነሳም፤ ብቻ እኔ ከእሷ ጋር ማውራት ስጀምር የሚጮኸውን የጸጉር መቁረጫ ቶንዶስ ያጠፋል። ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ይጠብቃል። በሁለቱ መሃል የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ከፊት ለፊታችን አዲስ ጸጉር ቤት ተከፈተ፤ የእኛ ወንበር ባዶ መዋል ጀመረ። ሞባይል ሻጩ ወንድሜ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ያለው እዚያ ፎቶ የሚለጠፍበት ትልቁ መድረክ ላይ ነው። አንተ በረሃ ላይ ሱቅ ከፍተህ ማን ይመጣልሃል?" አለው።

"የሰው ወርቅ አያደምቅም" አለ ባለቤቴ። ወንድሜ ግን ሲነዘንዝ ለጉድ ነው። በመጨረሻ ሰውዬው ተሸነፈና ኮምፒውተሩን ነቀለው። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ አለኝ። ካስኬን እንዳሻኝ አበራሁ።

በአዲሱ መድረክ መጀመሪያ የጻፈው ስለ ሽማግሌ ጢም አላጫጭ ነበር። "ምላጩን አንገቱ ላይ ስታሳርፍ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ። ቆዳውን ወጥረህ ያዝና ሳትፈራ ሳበው" ይላል። ወዲያው "ጽሑፍዎ ጥቃትን ያነሳሳል" የሚል መልእክት መጣና ገጹ ተዘጋ። አቤት ቢል የሚሰማው ሰው የለም፤ መልስ የሚሰጠው ማሽን ነው። "የሠፈሩ ሰው ሁሉ አንገቱን አምኖ የሚሰጠኝ ሰውዬ፣ ነፍሰ ገዳይ ልባል?" አለኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላው። አሮጌውንም መልሶ አልሰካውም፤ "ለማን ብዬ?" አለ።

በማግስቱ ልጄ ደወለች። ሰላምታም የለ፣ "እማዬ፣ ለእሱ ስጪልኝ" አለችኝ። ስልኩን ሰጠሁት። ጩኸቷ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ምን ሆነህ ነው የዘጋኸው? እማዬ ሴት እያደረቀች ነው ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ! ሴትዮዋ ዝሆን ናት እንዴ እንዲህ የማትደርቀው? ምሳዬን በምን ልብላ?"

ለካ ከሄደች ጀምሮ ምሳዋን የምትበላው እሱን እያነበበች ኖሯል! ድረ ገጹ ሲጠፋባት "እማዬ ሥራ አላት" ትላለች፤ መልሶ ሲበራ እሱም ደህና መሆኑን ታውቃለች። እኔ እናቷ ይሄን ሁሉ አላውቅም። ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ።

"ደግሞ ያ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ የሮጠው ሰውዬስ? ተመለሰ አልተመለሰም?" አለችው። መላጨት ሳይጨርስ ስልክ ተደውሎለት፣ ከነአረፋው በሩን በርግዶ የወጣ ደንበኛ ነበር። ባለቤቴ ኮምፒውተሩን ከመንቀሉ በፊት መጨረሻ የጻፈው የእሱን ነገር ነው።

ባለቤቴ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ይቅርታ ይላታል ብዬ ጠበቅሁ።

"ምሳ የምትበዪው ስንት ሰዓት ነው?" አላት።

"ስድስት ተኩል።"

"እንግዲያው ከዚያ በፊት ጽፌ አደርስልሻለሁ።" ቀጥሎም፣ "ሰውዬው አልተመለሰም። የተመለሰ ዕለት ግን ለምን ሄድክ ብዬ አልጠይቀውም። ወንበሩን ነው የማዞርለት።"

ይሄኔ የሚያወሩት ስለ ደንበኛው እንዳልሆነ እኔም ገባኝ። ልጄም፣

"ቅዳሜ ይመጣ ይሆናል" አለችው።